በእቅፍ የማይታወቅ ሽጉጥ

ዌንደል ታከት ወደ ረስቲ የጦር መሣሪያ ሱቅ የገባው ሽጉጥ አጥቶ አይደለም። ሟች ወንድሙ የተወለት፣ እንደ ጡብ የሚከብድ ትልቅ ሽጉጥ ቁም ሳጥኑ ውስጥ አለው። ሽጉጡ ጥሩ ነው፤ ይተኩሳል፣ ይመታል፣ አስቸግሮም አያውቅም። ጥፋቱ አንድ ብቻ ነው፤ ሰው ሲያቅፉ ይቆረቁራል።

ሰው ማቀፍ ደግሞ የዌንደል ሥራ ነው። ቴነሲ ተራሮች መሃል በምትገኘው በኮልድ ፎርክ ከተማ ዕድሜውን የጨረሰው የተማሪ አውቶቡስ ሲነዳ ነው። የድሮው አውቶቡስ በር እንደ ዛሬው በጣት ተነክቶ የሚከፈት አልነበረም። ሾፌሩ በቀኝ እጁ ረጅም የብረት ዘንግ ስቦ ይከፍታል፣ ገፍቶ ይዘጋል። ዛሬ መላጣ የሆነውም፣ ቦርጭ ያወጣውም፣ የከተማው ጎልማሳ ሁሉ ጠዋት ጠዋት በዚያ በር የገባ ነው። ጡረታ ሲወጣ ቤት መዋል አቃተው፤ ሚስቱ ዳርሊንም ወጥ ቤት ውስጥ እግር በእግር ሲከተላት መረራት። "ወይ አንተ ሥራ ፈልግ፣ ወይ እኔ ልቀጠር" አለችው። እሱም የማውንት ሄርሞን ቤተ ክርስቲያን በር አስተናጋጅ ሆነ። ዳርሊን እዚያው ፒያኖ ትመታለች። እሁድ እሁድ እሱ በር ላይ ቆሞ የሚገባውን ሁሉ ያቅፋል። እጅ መጨበጥ እሱ ዘንድ የለም፤ ሊሸሸው የሞከረ እንግዳ እንኳ ተይዞ ይታቀፋል። ለዌንደል ከዚያ በር የሚበልጥ ቦታ በዓለም ላይ አልነበረም።

በዚያ ዓመት በፀደይ፣ ጉባኤው ጸሎት ላይ ሳለ አንድ የሰከረ ሰውዬ በሩን በርግጫ ከፍቶ የሚስቱን ስም እየጠራ ገባ። ሚስቱ የነሱ ምእመን አልነበረችም፤ ሰውዬው ቤተ ክርስቲያን ተሳስቶ ነው። እጁ ባዶ ስለነበር ጎትተው አስወጡት። ቢሆንም ድንጋጤው ከሰው አልወጣም። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ጥበቃ አቋቋሙ፤ ኃላፊው ከካውንቲው ፖሊስነት በጡረታ የተሰናበተው ጋርላንድ ፖ ሆነ። ጋርላንድ ሕግ አወጣ፤ በር ላይ የሚቆም ሰው ሽጉጥ ይታጠቃል፣ ሽጉጡ ከልብሱ ሥር ይሁን፣ ማን እንደታጠቀ ማን እንዳልታጠቀ ከጥበቃዎቹ በቀር ማንም አይወቅ። በመኸር ወቅት የተኩስ ፈተና ይሰጣል። ፈተናውን ያላለፈ በሩን ይለቃል።

ዌንደል የወንድሙን ሽጉጥ ታጥቆ በቆመበት የመጀመሪያ እሁድ እማማ ኦፓል መጡ። እማማ ኦፓል ቁመታቸው የዌንደል ደረት ላይ የሚደርስ፣ ሚጢጢ አሮጊት ናቸው። አጭር በመሆናቸው ሲያቅፉ እጃቸው የሚያርፈው ወገብ ላይ ነው። ያሳደጉት የልጅ ልጃቸው ትራቪስ ነዳጅ ማደያ ደጅ ላይ በተነሳ የማይረባ ጠብ በሽጉጥ ከተገደለ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር። ያን ዕለት እጃቸው ከዌንደል ኮት ሥር ብረቱን አገኘ። እሳት እንደነካ ሰው እጃቸውን ሰበሰቡ። ቀና ብለው ፊቱን አዩት፣ ምንም ሳይሉ ገብተው ተቀመጡ። በሚቀጥለው እሁድ ከኋላ በኩል፣ በቤተ ክርስቲያኑ ወጥ ቤት በር ገቡ። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ በወጥ ቤት ሆነ።

ለሌላው ሰው ነገሩ ምንም አይደለም፤ አሮጊት በፈለገችው በር ትገባለች። ዌንደልን ግን አንገበገበው። ትራቪስን ጠዋት ጠዋት የሚጭነው፣ ማታ ማታ እማማ ኦፓል ደጅ የሚያወርደው እሱ ነበር። በሩን መልቀቅ አልፈለገም፤ እማማ ኦፓልንም ማጣት አልፈለገም። ሁለቱንም የሚያስታርቅ አንድ መላ ታየው። በጣም ትንሽ፣ ሰው ሲያቅፈው የማትታወቅ ሽጉጥ።

ረስቲ ከባንኮኒው ጀርባ ተቀምጦ የተቀቀለ ኦቾሎኒ ይፈለፍል ነበር። ዌንደልና ዳርሊን ሲገቡ ብድግ አለ።

"ጋሼ ዌንደል! ዛሬም ከአውቶቡስ ሊያወርዱኝ ነው?"

"ትምባሆህን ካልተፋህ አወርድሃለሁ።"

"ምን ልታዘዝ?"

"ትንሽ ሽጉጥ ነው የምፈልገው። የማትታይ።"

"የማትታይ ለማን? ለሌባ ነው ለፖሊስ?"

"ለሚያቅፈኝ ሰው።"

ረስቲ ሳቅ ሊል ነበር፤ የዌንደልን ፊት አይቶ ተወው። ሦስት ሽጉጦች አውጥቶ እያንዳንዷ ባዶ መሆኗን ከፍቶ አሳየና ጨርቅ ላይ ደረደራቸው። አንደኛዋ መዳፍ ውስጥ የምትጠፋ ናት። ሁለተኛዋ አፈሙዟ ያጠረ ስድስት ጎራሽ። ሦስተኛዋ ከመጀመሪያዋ ጥቂት ከፍ የምትል፣ እጀታዋ ሙሉ እጅ የሚያስይዝ።

"ልንገርዎት" አለ ረስቲ። "ትንሿ ለኪስ ትመቻለች፣ ለእጅ ግን ክፉ ናት። ቀላል ስለሆነች ርግጫዋ ይብሳል። ጥብቅ አድርገው ካልያዟት ደግሞ ታኮርፋለች፤ መሃል ላይ ቀጥ ትላለች። ስድስት ጎራሿ አታኮርፍም፤ ግን ቃታዋ ከባድ ነው፣ ሆዷም ወጣ ያለ ነው። ሦስተኛዋ ለሚስቴም የገዛሁላት ዓይነት ናት። ከዚህ በላይ ምን ልበል?"

ዳርሊን ሦስተኛዋን አንስታ በእጇ መዘነቻት፣ የላይኛውን ብረት ስባ ለቀቀችው። "ሽጉጥ ማለት ይቺ ናት" አለች። ትንሿን በአገጯ እያሳየች፣ "ያቺ የቁልፍ መያዣ ናት።"

"አንቺ ፒያኖሽን ያዢ" አላት ዌንደል። ከዚያ ስድስት ጎራሿን በአፎቷ ወገቡ ላይ ሰክቶ፣ ኮቱን ከላይ አልብሶ እጁን ዘረጋ። "በል እቀፈኝ።"

"ማን? እኔ?"

"አንተ ነህ እንጂ ሻጩ!"

"ጋሼ፣ ሽጉጥ ልሽጥልዎት ወይስ ላግባዎት?"

"አትቀልድ። ጉልበትህን እጠፍ ደግሞ፣ እንደ እማማ ኦፓል እጠር።"

ረስቲ መቶ ኪሎውን ይዞ በርከክ አለና የዌንደልን ወገብ አቀፈ። በዚሁ መሃል አንድ አዳኝ ደንበኛ በሩን ከፍቶ ገባ፣ አያቸው፣ በሩን መልሶ ዘግቶ ሄደ። ዳርሊን ባንኮኒው ላይ ተደፍታ ሳቀች።

"የስድስት ጎራሿ ሆድ ጎኔን ወጋኝ" አለ ረስቲ ሲነሳ።

"ቁርጭምጭሚትህ ላይ ብታስራትስ?" አለች ዳርሊን እንባዋን እየጠረገች።

"እስክጎነበስ ድረስ ሌባው አርጅቶ ይሞታል።"

ሦስተኛዋም ተሞከረች። ረስቲ "አለች፣ ትታወቃለች" አለ። የመጀመሪያዋ ስትሞከር ግን እጁን በወገቡ ዙሪያ ሁሉ አስኬዶ አጣት። ዌንደል ፊቱ በራ፤ ሌላ ምንም ሊሰማ አልፈለገም። ረስቲ "አንድ ቀን መጥተው ይተኩሱባትና ይወስኑ" ቢለው፣ "ሽጉጥ ያው ሽጉጥ ነው" ብሎ ገዝቷት ወጣ። ሰው ልቡ ከወሰነ በኋላ ምክር ማለት ለጠገበ ሰው ምሳ ማቅረብ ነው፤ እኔ በበኩሌ ረስቲን አልወቅሰውም።

በማግስቱ ዌንደል ከቤቱ ጀርባ፣ አፈር የተከመረበት ኮረብታ ሥር ወጥቶ ተኮሰ። ሁለት ጊዜ በደህና ጮኸች። በሦስተኛው ነከሰች፤ ባዶው ቀለህ ወጥቶ በመውደቅ ፈንታ አፏ ላይ ተቀርቅሮ ቀረ። አጽድቶ ቀጠለ፣ እንደገና ነከሰች። ጥይቱ መጥፎ ነው ብሎ ሌላ ዓይነት ገዛ። ዘይት አንሷት ነው ብሎ እንደ ሰላጣ ለወሳት። የጥይት ካዝናዋን በሌላ ቀየረ። አንድ ቀን ትሠራለች፣ አንድ ቀን ታኮርፋለች። ያን ሰሞን ከቤት ውስጥ ዳርሊን ፒያኖ ስታጠና ይሰማል፤ ከወትሮው አብዝታ ትመታለች፣ መሃል ላይ ታቆማለች፣ እንደገና ትጀምራለች። እሱ ግን በራሱ ንዴት ተይዞ ልብ አላለም።

በመጨረሻ ሽጉጧን ይዞ ረስቲ ባንኮኒ ላይ አስቀመጣት። "ብልሹ ነው የሸጥክልኝ።"

ረስቲ ከሱቁ ጀርባ ወዳለው መለማመጃ ይዞት ሄደ። አንድ ካዝና ሙሉ ተኮሰ፤ አንዴም አልነከሰችም። ሌላ ካዝና ተኮሰ፤ እንደዚያው። ከዚያ ሽጉጧን አስቀመጠና እጁን ዘረጋ።

"እስቲ ይጨብጡኝ። ባለ በሌለ ጉልበትዎ።"

ዌንደል ጨበጠው።

"ሙሉ ጉልበትዎ ነው?"

"አይ፣ አዝኜልህ ነው።"

"አይዘኑልኝ።"

ዌንደል ፊቱ እስኪቀላ ጨበጠ። የአውራ ጣቱ ሥር ያለው መገጣጠሚያ አብጦ እንደ ዋልነት ፍሬ ወጣ ብሏል፤ ያን የብረት ዘንግ ሲስብና ሲገፋ ያለቀ እጅ ነው። ረስቲ እጁን ቀስ ብሎ ለቀቀው።

"ሽጉጧ ጤነኛ ናት፣ ጋሼ" አለ። "ስትተኩስ የምትገፋው ጠንካራ እጅ ትፈልጋለች። የያዛት እጅ አብሯት ወደ ኋላ ከሄደ ቀለሁን መትፋት ያቅታታል። ሦስተኛዋም ብትሆን በዚህ እጅ ማስቸገሯ አይቀርም።"

"ስድስት ጎራሿስ?"

"ቃታዋን በዚህ እጅ ስበው ኢላማ ከመቱ ሱቄን እሰጥዎታለሁ።"

ዌንደል እጁን ኪሱ ከተተ። ረስቲ አዘነለትና፣ "ለፈተና እኮ አንድ ካዝና ነው። ዕድል ከቀናዎት ያልፋሉ፤ እኔም አፌን እይዛለሁ" አለው።

የፈተናው ቅዳሜ በጋርላንድ ሜዳ ላይ ስድስት ሰው ተሰበሰበ። ዳርሊን የድንች ሰላጣና የበቆሎ ዳቦ በቅርጫት ይዛ መጣች። ጋርላንድ መንግሥት አሁንም ደሞዝ የሚከፍለው ይመስል ፊሽካ አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል። የዌንደል ተራ ደረሰ። በሁለት እጁ ጥርሱን ነክሶ ያዛትና ተኮሰ። ካዝናዋ እስኪያልቅ አንዴም አልነከሰችም። ኢላማው ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ባያምሩም ከወረቀቱ አልወጡም።

"አልፈሃል፣ ወንድም ዌንደል!" አለ ጋርላንድ፤ ሌሎቹ አጨበጨቡ።

ዌንደል ሽጉጧን አላስቀመጣትም። በሩ የሱ ሆኗል፤ ዝም ማለት ብቻ ነው የቀረው። ግን ከዚያ በር ጀርባ ስንት ሰው እንደሚቀመጥ ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ሁሉንም አቅፎ ያስገባቸው እሱ ነው። ከኪሱ ሁለተኛ ካዝና አውጥቶ አጎረሰ። ማንም አላዘዘውም። ሦስተኛው ጥይት ላይ ነከሰች።

አፈሙዙን ወደ አፈሩ እንዳዞረ ለጋርላንድ አሳየው። "እየው። የሚሠራው ሽጉጡ ነው፤ የማይሠራው እኔ ነኝ።"

"ዝም ብትል እኮ አልፈህ ነበር።"

"አንተማ ታሳልፈኛለህ። ያ በሩን በርግጫ የከፈተው ሰውዬ ያሳልፈኛል?"

ጋርላንድ ራሱን አከከ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሕግ ሲያወጣ ግን ሕጉ ውስጥ የሚቆም ሰው አይታየውም። "እንግዲያውስ በሩን ለሌላ ሰው መስጠት ሊኖርብን ነው" አለ።

ዌንደል አንገቱን ደፋ። ያን ጊዜ ዳርሊን ቅርጫቷን መሬት ላይ አስቀመጠች።

"ጋርላንድ፣ ፓስተሩ ሲሰብክ አንተ የት ነህ?"

"ሦስተኛው ወንበር።"

"ፊትህ ወዴት ነው?"

"ወደ ፓስተሩ ነዋ።"

"የነዚህስ ፊት?"

"ያው ወደ ፓስተሩ።"

"ታዲያ በሩን የሚያየው ማን ነው?"

ወንዶቹ እርስ በርስ ተያዩ።

"ፓስተሩና ፒያኖ ላይ የተቀመጥኩት እኔ" አለች ዳርሊን። "ፓስተሩ ደግሞ ሲጸልይ ዓይኑን ይጨፍናል።"

"አንቺ አትጨፍኚም?"

"ከተጋባን ጀምሮ አንድ ዓይኔ ዌንደል ላይ ነው። ሁለቱንም ጨፍኜ አላውቅም።"

ሳቁ ሳያበቃ መኪናዋ ጋ ሄዳ ተመለሰች። ወገቧ ላይ ያቺ ሦስተኛዋ ሽጉጥ ነበረች። ዌንደል ጥይት ሲቀይርና ዘይት ሲቀባ በሰነበተበት ሰሞን እሷ ረስቲ ጋ ሄዳ ገዝታት ኖሯል። ፒያኖውን አብዝታ ስትመታ የነበረውም አፎቱ ክንዷን እንዳያግዳት ቦታ ስትፈልግለት ነው። ቆመች፣ ተኮሰች፣ ካዝና ቀየረች፣ ደግማ ተኮሰች። አንዴም አልነከሰችባትም። ጋርላንድ ኢላማውን ሄዶ አየና ፊሽካውን ኪሱ ከተተ።

"በሩን የሚያየው ሰው ከታጠቀ" አለች ዳርሊን፣ "በር ላይ የሚቆመው እጁ ባዶ ቢሆን ምን ይጎድላል? እሱ ይቀፍ።"

ዌንደል ሚስቱን አፍሮም፣ ኮርቶም፣ ትንሽ ቀንቶም አያት። በሩ ግን ተረፈለት። ጋርላንድ የተስማማው አንድ ነገር አጥብቆ ካሳሰበ በኋላ ነው። "እዚህ የተባለው እዚሁ ይቅር። ማን ታጠቀ፣ ማን ተወ፣ ለእናታችሁም እንዳትነግሩ።"

ዌንደልን ያጠመደው ይኸው ነው። አሁን ወገቡ ባዶ ነው፤ እማማ ኦፓል ግን አያውቁም፣ እሱም ሊነግራቸው አይችልም። እሁድ ደረሰ። እማማ ኦፓል አሮጌ መኪናቸውን ማቆሚያው ላይ አቁመው፣ እንደ ልማዳቸው ጥቂት ተቀምጠው የፊቱን በር ካዩ በኋላ በወጥ ቤት በኩል ዞሩ።

በሚቀጥለው እሁድ ሌሊቱን ውርጭ ጥሎ ነበር። ዌንደል ካፖርቱን አወለቀ፣ ኮቱንም አወለቀ። ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ አጥብቆ ከትቶ፣ ቀበቶው ዙሪያውን እንዲታይ አድርጎ ከበሩ ውጭ፣ ደረጃው ላይ ቆመ። ሰው ሁሉ "አብደሃል እንዴ?" እያለው ይታቀፋል። እማማ ኦፓል መኪናቸውን አቁመው በመስታወቱ ያዩታል። ዌንደል የእግር መጥረጊያውን የሚያስተካክል መስሎ ዞረ፤ ጀርባውን አሳያቸው። ጎኑን አሳያቸው። ተጎንብሶ ምንም የሌለበትን ደረጃ ጠረገ። በዚያ ብርድ የሚያደርገውን ያየ ሁሉ መንፈስ ቅዱስ ወርዶበታል ይላል።

የመኪናው በር ተከፈተ። እማማ ኦፓል ምርኩዛቸውን ይዘው ቀጥ ብለው ወደ ደረጃው መጡ።

"ካፖርትህ የት ሄደ?"

"ሞቆኝ ነው፣ እማማ።"

"ከንፈርህ ሰማያዊ ሆኗል፣ አንተ ሞኝ።"

እጃቸውን ዘረጉ። መጀመሪያ ቁልፍ እንደጠፋበት ሰው ወገቡን ዙሪያውን ዳበሱት፤ ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላ። ምንም አላገኙም። ከዚያ ያቺ ሚጢጢ ሰውነት እንዳለች ደረቱ ላይ ተጣለች።

"ትራቪስ አውቶቡስህን ሲሰማ" አሉ ፊታቸውን ሸሚዙ ውስጥ እንደቀበሩ፣ "ጫማውን ሳያስር ነበር የሚሮጠው።"

ዌንደል አለቀሰ። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ እያየው፣ ሳይደበቅ አለቀሰ።

ፕሮግራሙ ሲያልቅ እማማ ኦፓል እንደ ድሮው ወደ ፒያኖው አመሩ። መጨረሻ ላይ ዳርሊንን አቅፎ መሄድ የሁሉም ልማድ ነው፤ እሷም ሁልጊዜ ከመቀመጫዋ ተነስታ ትጠብቃለች። ዌንደል ከበሩ ሆኖ ያያል። ዳርሊን አሮጊቷ እጃቸውን ዘርግተው ሲመጡ አየቻቸው። አልተነሳችም። የጨረሰችውን መዝሙር ከመጀመሪያው ስንኝ ጀመረችው። እማማ ኦፓል አጠገቧ ቆመው ጠበቁ። መዝሙሩ አለቀ፤ ዳርሊን እጇን ሳታነሳ እንደገና ጀመረች። እማማ ኦፓል ትከሻዋን መታ መታ አድርገው ሄዱ። አዳራሹ ባዶ እስኪሆን ፒያኖው አልቆመም።

መኪና ውስጥ ገብተው ተቀመጡ። ዌንደል ካፖርቱን ለብሶም ይንቀጠቀጣል።

"እቅፋቸው እንዴት ነበር?" አለች ዳርሊን መስታወቱን እያየች።

"ይከብዳሉ። ሚጢጢ ናቸው፣ ግን ሁለመናቸውን ነው የሚጥሉብሽ።"

"አውቃለሁ" አለች። "እኔ ላይም እንደዚያው ነበር የሚጥሉት።"

ዌንደል ሞተሩን ሳያስነሳ ወደ እሷ ዞሮ አቀፋት። ያ የተጎዳ ቀኝ እጁ በጀርባዋ ዞሮ ወገቧ ላይ ሲያርፍ ብረቱን አገኘው። ብረቱ ይቀዘቅዛል፤ ከካፖርቷ ሥርም ሆኖ ይቆረቁራል። ዌንደል እጁን አልሰበሰበም።